ሦስተኛው ቱርቦም ማፏጨት ጀመረ፤ ጥፋቱ የሻጩ ነው ወይስ የኔ?

የአሰላ መስመር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። ከአዳማ አሰላ የምትሠራ ሃይሩፍ ሚኒባስ አለችኝ፤ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ፣ ኮመን ሬይል። በሰባት ወር ሁለት ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) በላች፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ናት። የመጀመሪያው አብሯት የመጣ ነበር፣ ዕድሜው ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛውን ከነካርቶኑ "አዲስ" ተብዬ ገዛሁ፤ አራት ወር እንኳ አልሞላውም፣ ከኢተያ በላይ ዳገቱ ላይ ሲያፏጭ ቆይቶ ሰማያዊ ጭሱን ለቀቀው። ተሳፋሪው "ተቃጠለች!" ብሎ በመስኮት ሊወርድ ነበር። ሦስተኛው ከገባ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። ትናንት ጠዋት ደራን እንዳለፍኩ ያቺው ፉጨት መጣች፤ ከሩቅ እንደሚመጣ አምቡላንስ። ረዳቴ "ሬዲዮው ነው" ይለኛል። ሬዲዮው ከተሰረቀ ዓመት አልፎታል።

መካኒኬ "የዘንድሮ ቱርቦ ሁሉ ፎርጅድ ነው" ይላል። ሻጩ ደግሞ "አገጣጠማችሁ ነው" ይላል። የዘይት መብራት በርቶብኝ አያውቅም። ዘይት በየ7,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ሻጩን ልክሰሰው ወይስ ሌላ የማላውቀው ነገር አለ?

ትርፍ የለም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

ወንድሜ ቱርቦዋ የምታፏጨው የጫንከውን ሰው ቆጥራ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአሰላ ስመለስ ያንተ ትሁን የሌላ አላውቅም፣ ሞተሩ ክዳን ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ነበር።

የአሰላ መስመር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

የኔ አይደለችም። የኔ ላይ አንድ ነው የሚቀመጠው።

ብሎንና ዳዶ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሞተር ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ክስ ከማሰብህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ፤ ሁለተኛው ቱርቦ ሲፈታ ሻፍቱ (መሐሉ ላይ የሚሽከረከረው ዘንግ) ምን ይመስል ነበር? ቱርቦ ሞቶ ሲመጣ አሟሟቱን ራሱ ይናገራል። ሻፍቱ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ከቀለመ ወይም ከጠቆረ ዘይት አጥቶ ተቃጥሏል ማለት ነው። በዙሪያው ጭረት ካለ ዘይት ደርሶታል፣ ግን ቆሻሻ ዘይት ነው። አየር የሚስበው ፊን (ክንፉ) ከተበላ ከአየር ፊልትሮው በኩል የገባ ነገር አለ። ሻፍቱ ደህና ሆኖ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ግን ዘይት ከሞላ፣ የዘይት መመለሻው ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቷል።

የአሰላ መስመር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

ፎቶ አንስቼው ነበር፣ አሁን አየሁት። እሳት ላይ የተረሳ ቢላዋ ነው የሚመስለው። ሰማያዊ፣ ጫፉ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ። ሻፍቱን የሚሸከመው ኩሽኔታ ደግሞ ከሻፍቱ ጋር ተጣብቋል።

ብሎንና ዳዶ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እንግዲያው ሻጩን ለጊዜው ተወው። ቱርቦህ በጥም ነው የሞተው።

መንገዱን ላስረዳህ። ዘይት ከኮፓው (ሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ) ይነሳል፣ በወንፊቱ ያልፋል፣ ፖምፓው ይገፋዋል፣ በፊልትሮ ያልፋል፣ ከዚያ እንደ እርሳስ በቀጠነች ቱቦ ወደ ቱርቦው ይወጣል። እዚያ ሻፍቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከትንንሾቹ ውስጥ 200,000 የሚያልፉም አሉ። ኩሽኔታው የሚሽከረከረው ብረት ላይ ሳይሆን ከጸጉር በቀጠነ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ያ ሽፋን ለጥቂት ሰከንድ ከጠፋ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ አለቀ። ዘይቱ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው፣ ሙቀቱንም ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ሲመለስ ደግሞ ሰፊ በሆነው ቱቦ፣ ያለ ምንም ግፊት፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ እንደ ጣራ አሸንዳ። አሸንዳ ሲደፈን ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ።

አሁን መልስልኝ። ቱርቦ ስትቀይሩ ቀጭኗ ቱቦ ተቀየረች? ጋርኒሲዮኑ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ማሸጊያ) ላይ ሲሊኮን ተቀባ? ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) መቼ ተነቀለ? ሥሩ ያሉት ሮንዴላዎችስ?

የአሰላ መስመር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

ቱቦዋ አልተቀየረችም። ናፍጣ አስገብተን በኮምፕሬሰር ነፋናት፣ አየር በደንብ ያልፋል። ሲሊኮን አዎ፣ ቀዩን፣ እንዳያንጠባጥብ ብሎ በደንብ ቀባው። ኢንጀክተር ከዓመት በፊት ለሰርቪስ ወርዷል። ሮንዴላ አዲስ ስላልተገኘ የድሮዎቹን በእሳት አግለን መለስናቸው።

ብሎንና ዳዶ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡03

እግዚኦ። ነገ ጠዋት እጽፋለሁ፤ አሁን ከጻፍኩ እቆጣለሁ።

የዳቤ ሶሎቄዋ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሁለት ሚኒባስ አስነዳለሁ። አምና አንዷ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) ዘይት ትተፋ ነበር። "ቱርቦ ሞቷል" ተባልኩና ቱርቦ ተቀየረ፤ በሳምንቱ አሁንም ትተፋለች። ሌላ ሰው ሲያየው የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ተገኘ። እሱ ሲደፈን ኮፓው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ የቱርቦው ዘይት መውረድ አቅቶት በማሸጊያው በኩል ይወጣል አሉኝ። ቱቦዋን አጥቦ መለሳት፤ መተፋቱም በዚያው ቆመ። የቱርቦውን ገንዘብ ግን ማን ይመልስልኝ? የወጣውን አሮጌ ቱርቦ እስካሁን ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ምናልባትም ደህና ነበር። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ብሎንና ዳዶ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡45

እህቴ ትክክል ነሽ። የቱርቦ ማሸጊያ እንደ ላስቲክ ማሸጊያ አይደለም፤ እንደ ፒስተን ቀለበት ያለ ብረት ነው። ዘይቱ በነጻ እስከወረደ ድረስ ነው የሚይዘው። ዘይት ከልኩ በላይ ሲሞላም ያው ነው፤ "ትንሽ ጨምርበት፣ ይጠቅማል" የሚሉት ነገር አይጠቅምም።

ወደ አሰላው ልመለስ። ቱቦዋን ነፋናት አልክ። አየር በመርፌ ቀዳዳም ያልፋል። ውስጧ የተጋገረው ካርቦን ናፍጣ ስለነካው አይለቅም፤ ከለቀቀም ተሰብሮ በቀጥታ ወደ አዲሱ ኩሽኔታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያቺን ቱቦ አትጠብ፣ ቀይራት። ጫፏ ላይ ያለውን መሐሉ ቀዳዳ ብሎንም አብረህ፤ አንዳንዱ ውስጡ ትንሽ ወንፊት አለው፣ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። ሲሊኮኑ ደግሞ ስታጠብቀው በውጭ እንደተረፈው ሁሉ በውስጥም ይተርፋል፤ የውስጡን አታየውም እንጂ። ሲደርቅ እንደ ትል ይሆንና ተቆርጦ ይሄዳል። የቱርቦ ዘይት መግቢያና መውጫ ላይ ሲሊኮንም ማስቲሽም የለም። ጋርኒሲዮኑ ብቻ፣ ደረቁን።

ቱቦዋና ሲሊኮኑ ሁለት ቱርቦ ለመግደል ይበቃሉ። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሮንዴላው ነው። ኮፓውን አውርዱ።

የአሰላ መስመር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ሮንዴላ ከቱርቦ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ላይ ነው ያለው፣ ሌላው ጎን ላይ።

ብሎንና ዳዶ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

በዘይቱ ነው የሚገናኙት። ኢንጀክተሩ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የሚቀመጠው በዚያች የመዳብ ሮንዴላ ነው። በደንብ ካልያዘች ሲሊንደር ውስጥ የነደደው ጋዝ በጎኗ ያመልጣል። በአንዳንድ ሞተር ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጠዋት "ጭስ ጭስ" እያለ ይሰማሃል፣ ዙሪያውም እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ኢንጀክተሩ በባልቮላ ክዳኑ ሥር በተሸፈነበት ሞተር ግን ጥላሸቱ በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚገባው። ዘይቱ ይወፍራል፣ ዝቃጩ ኮፓ ላይ ይተኛል፣ ፖምፓው ሲስብ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ወንፊቱ ግማሹ ሲደፈን ሞተሩ ገና ደህና ይመስላል። ቱርቦው ግን ከመንገዱ ጫፍ ያለ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው። ቀጥሎ ብሮንዚና፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት። ብሮንዚና ከደረሰ ደግሞ ስለ ቱርቦ ማውራት እናቆማለን።

20ው50 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ? የአዳማ ሙቀት ነው። ቀጭን ዘይት ለአውሮፓ ነው የተሠራው። 20ው50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ሙላበት፣ እንደ ማር ይይዝልሃል። እኔ አሥር ዓመት እንደዚህ ነው የነዳሁት።

ትርፍ የለም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡19

ያንተዋ ቱርቦ አላት?

20ው50 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡31

የላትም። ግን መርሁ አንድ ነው።

የቴክኒክ አሠልጣኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

መርሁ አንድ አይደለም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተር ሲነሳ በዚያች ቀጭን ቱቦ እስኪወጣ ይዘገያል፤ ቱርቦው ግን ሞተሩ እንደተነሳ ነው መዞር የሚጀምረው። ከዘይት ስም ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀዘቅዝ ያለውን አፈሳሰስ፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ነው የሚናገረው። የአዳማ ፀሐይ ቢበረታም ሞተሩ ውስጥ ካለው ሙቀት ጋር አይወዳደርም። የመኪናዋ መመሪያ የሚለውን ቁጥርና ደረጃ ሙሉ፤ ለእንደነዚህ ያሉ የናፍጣ ሞተሮች እዚህ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 15ው40 ነው። ለናፍጣ የተሠራ መሆኑን ከጀርባው አንብቡ።

ስለ መብራቱ። የአሰላ መስመር "መብራት በርቶብኝ አያውቅም" ብለሃል። ያ መብራት የቱርቦ ጠባቂ አይደለም። ስዊቹ የሚያየው የሞተሩን ዋና መስመር ነው፣ የሚበራውም ግፊቱ ወደ ግማሽ ባርና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ቱርቦው ጫፍ ላይ ዘይት ቢጠፋ መብራቱ ምንም አያውቅም። ማወቅ የፈለገ ሰው ስዊቹን ነቅሎ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ይሰካል፤ ቱርቦው ጋ የሚደርሰውን ደግሞ በዕቃ ይለካል።

አለካኩን ልንገርህ። የቱርቦውን መመለሻ ቱቦ ከብሎኩ ላይ ፈትተህ ወደ ዕቃ ታዞረዋለህ፤ ዘይቱ በልኩ መሆኑን አይተህ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ለ60 ሰከንድ ታስነሳለህ፣ ታጠፋለህ፣ ትለካለህ። በዚህ ችግር ስሙ የተነሳው ባለ 1.6 ሊትሩ የፔጆና የሲትሮን ኤችዲአይ ናፍጣ ሞተር ላይ ቢያንስ 0.3 ሊትር መውጣት አለበት ይባላል። ላንተ ሞተር ልኩን ከመመሪያው ፈልግ፤ ግን በደቂቃ ጠብ ጠብ ብቻ ካለ መመሪያ አያስፈልግህም።

ስለ መስመርህም ልጨምር። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰላ ከ2,400 ይጠጋል። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦው ያንን የጎደለ አየር ለመሙላት ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ መዞር አለበት። ስለዚህ እንዳንተ ያለ መስመር ላይ ጥቂት የዘይት እጥረት ራሱ ይጎዳል። እዚያው መተሐራ ብትሠራ ምናልባት ይህን ችግር ገና አታውቀውም ነበር።

የጅቡቲ መስመር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡40

ልጆች፣ እኔ ተሳቢ ስጎትት ነው የሸበትኩት። መካኒኮቹ ያሉት ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልተነሳም። ዳገት ወጥታችሁ መናኸሪያ ስትገቡ ወዲያው ቁልፍ ትዘጋላችሁ። ተራ አስከባሪው ይጮሃል፣ ናፍጣው ያሳሳል፣ ይገባኛል። ግን ቱርቦው ግሎ ቀልቶ ሳለ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፤ እዚያው የቀረው ዘይት መጥበሻ ላይ እንደተረሳ ሽንኩርት ያርራል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጋገረ ያችን ቱቦ የሚያጠባት ይኸው ነው። ከአዋሽ ሰባት ተነስተን አዳማ ስንደርስ፣ መጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ቀስ ብለን ነድተን፣ ቆመን አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ እናቆየዋለን። እኔ ጎማ በእግሬ እየመታሁ ዞሬ እስክጨርስ ነው የማቆየው፤ ሰዓት አልይዝም።

ከአሰላ ወደ ደራ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም አይቻለሁ። ስለ ቱርቦ አይደለም የምነግራችሁ፤ ፍሬኑም መሪውም አብሮ ይከብዳል። የሰው ልጅ ጭናችኋል።

የአሰላ መስመር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጋሼ አመሰግናለሁ። ቁልቁለቱን አላጠፋም። መናኸሪያ ገብቶ ወዲያው መዝጋቱ ግን… እኔ ነኝ።

መለዋወጫ ቤት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡20

ሻጭ እንደመሆኔ እኔም ልናገር። ፎርጅድ ዕቃ የለም አልልም፣ ሞልቷል፤ ሳጥኑ ኦሪጅናል ሆኖ ውስጡ ሌላ የሆነ አይቻለሁ። ዘይትና ፊልትሮ ላይ ደግሞ ይብሳል። ርካሹ ፊልትሮ ወረቀቱ ተጨፍልቆ መንገዱን ይዘጋል፤ ወይም ደግሞ ውስጡ ያለችው መመለሻ ክዳን ስለማትይዝ ሌሊት ዘይቱ ወደ ኮፓ ይወርድና ጠዋት ቱርቦው በደረቁ ይነሳል። ግን ሻፍቱ ሰማያዊ ሆኖ "ፎርጅድ ሸጥክልኝ" ብሎ ሱቄ ላይ የሚጮህ ሰውም አለ። ኦሪጅናል ቢሆንስ ያለ ዘይት ይዞራል? አሁን ቱርቦ ስሸጥ ቱቦዋን አብሮ ካልገዛ ዋስትና አልሰጥም። "ዕቃ ሊያስገዛኝ ነው" ብለው ያኮርፉኛል፤ ያኩርፉ።

የአሰላ መስመር · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ትናንት አወረድነው። ብሎንና ዳዶ፣ አፍህ ላይ ምን አለ ባላውቅም ኮፓው እንዳልከው ነው። ወንፊቱ ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፏል፤ በጣት ሲነካ እንደ ቡና አተላ ይፈረካከሳል። ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። ከመሐሉ አንድ ቀይ የሲሊኮን ቁራጭ ወጣ፣ ያው ትል እንዳልከው። ቀጭኗን ቱቦ በመጋዝ ሰነጠቅናት፤ መጠምዘዣዋ ላይ፣ ለጭስ መውጫው በቀረበችበት በኩል፣ ውስጧ የክብሪት እንጨት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ይህችን ነው ነፍተን "ደህና ናት" ያልናት። ሁለት ኢንጀክተር ሥር ሮንዴላው ጥቁር መንገድ ሠርቷል።

መካኒኬ ቆሞ አየው፣ ምንም አላለም። ቡና ጋበዘኝ።

ሦስተኛው ቱርቦ ተፈትቶ ሲታይ ሻፍቱ ገና አልቀለመም፣ ግን ጭረት ጀምሯል፣ በእጅ ሲነካም ይንቀሳቀሳል። ሙሉውን ሳይሆን መሐሉን ካርትሪጅ ብቻ ለመቀየር ወሰንን። አሁን በቅደም ተከተል ምን ላድርግ?

ብሎንና ዳዶ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

መጀመሪያ ኮፓውን፣ ወንፊቱንና የባልቮላ ክዳኑን ሥር በእጅ አጽዳ። "ማጠቢያ ዘይት" የሚባለውን አምነህ ብቻ አትተው፤ ያላቀቀውን ዝቃጭ መልሶ ወንፊቱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ብሮንዚናውንም ኮፓው ክፍት እያለ አንዱን ካፕ ፈትተህ እይ፣ ነገ ድጋሚ ከምታወርድ። የኢንጀክተር መቀመጫው በመሣሪያ ይጸዳ፣ ሮንዴላ አዲስ፣ ማሰሪያ ብሎኑ በልኩ ይጥበቅ። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ቀዳዳ ብሎን፣ መመለሻውንም ውስጡን እይ፤ ተጣሞ ወይም ቁልቁል መውረዱን ትቶ ከተጋደመ አስተካክል። ኢንተርኩለሩ ውስጥ የተኛ ዘይት ካለ አፍስሰው፤ ከቆየ ሞተሩ ስቦ ያነደዋል፣ ከባሰም ናፍጣ ብትቆርጥም አልጠፋም ይልሃል።

ቱርቦው ከመታሰሩ በፊት በመግቢያው ንጹሕ ዘይት በእጅህ ጨምርና ሻፍቱን በጣትህ አዙር። ከዚያ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ነቅለህ ሞቶሪኖውን (ማስነሻውን) አቋርጠህ አቋርጠህ አዙር፤ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ሶኬቱን መልስ፣ አስነሳ፣ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ። ነዳጅ እንዳትሰጥ። ሁሉም ሰው ቱርቦ ከገባ በኋላ "እስቲ ድምፁን ልስማ" ብሎ ይረግጣል፤ አዲስ ቱርቦ ከሚገደልባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

የቴክኒክ አሠልጣኝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ድጋሚ ቀይር፣ የተረፈ ዝቃጭ ስለሚኖር። ከዚያ በኋላ 7,000 አትጠብቅ፤ ዳገትና ጭነት ነው ሥራህ፣ 5,000 ይበቃሃል።

20ው50 · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡52

15ው40 ከሆነ ከየት እንደምትገዛ ተጠንቀቅ። በዚህ እንኳ እንስማማ።

የአሰላ መስመር · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡00

የቆያችሁት ካላችሁ፣ ፉጨቱ የለም። ከኢተያ በላይ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች፣ ድሮ ሁለተኛ ነበር። ሮንዴላው አዳማ አልተገኘም፣ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት፤ ውፍረቱ የተለያየ ስለሆነ አንዱን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

የ60 ሰከንዱን ፈተናም ሠራን፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ። በአሮጌዋ ቱቦ ሞክረነው ቢሆን ምን ያህል ይወጣ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሰንጥቀናታል። በአዲሷ ሃይላንዱ አንገቱ ድረስ ደረሰ፤ ረዳቴ "አቁም! አቁም!" ሲል ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

መናኸሪያ ላይ ሁለት ደቂቃ ሳላጠፋ ስቆም ተራ አስከባሪው "ልትሄድ ነው?" ይለኛል። በየቀኑ።

የቴክኒክ አሠልጣኝ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡35

ጥሩ። ከ5,000 በኋላ በዚያው ዕቃ ድጋሚ ለካ፤ ከቀነሰ ቱቦው እንደገና እየጠበበ ነው። ሃይላንዱ ላይ ምልክት አድርግበት።

የአሰላ መስመር · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡02

ሃይላንዷን ረዳቴ ለላቫጆ ልጆች ሳሙና መያዣ ሰጥቷታል። ሌላ እገዛለሁ።